ወረርሽኝ ሲገባ ትምህርት ቤትን ሳይዘጉ ማቆየት፦ ከአየር እስከ ምትክ መምህር

በሩ ላይ ሙቀት ይለካል፤ ወለሉ በበረኪና ይታጠባል፤ ግድግዳው በፖስተር ይሞላል። ከዚያ 60 ተማሪ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ መምህራን ይታመማሉ፤ የሚተካቸው አልተዘጋጀም፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰናከሉት ሳይደክሙ ቀርተው አይደለም። መቅደም ያለበትን አስከትለው፣ መከተል ያለበትን ስላስቀደሙ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንደ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ-19 በትንፋሽ ለሚተላለፉ በሽታዎች ነው። ወረርሽኙ ኮሌራን የመሰለ፣ በውሃና በምግብ የሚተላለፍ ከሆነ ከደረጃ 6 ጀምሩ፤ እዚያ ቅድሚያው የውሃ፣ የሽንት ቤትና የእጅ ነው።

## ደረጃ 1፦ ሥራውን በስም አከፋፍሉ

ኮሚቴ ብቻውን መስኮት አይከፍትም። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰውና አንድ ተተኪ በስም ጻፉ፤ ተተኪ የሚያስፈልገው ኃላፊውም ስለሚታመም ነው።

1. የመጨረሻ ውሳኔ ሰጪ፦ ብዙውን ጊዜ ርዕሰ መምህሩ፣ ተተኪው ምክትሉ።
2. የአየር ኃላፊ፦ መስኮቶችን፣ ማራገቢያዎችንና መለኪያውን የሚከታተል።
3. የሕመም መዝገብ ያዥ፦ በየቀኑ የቀሩትንና የቀሩበትን ምክንያት የሚጽፍ።
4. የውሃና የጽዳት ኃላፊ።
5. ከወላጆችና ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር የሚነጋገር ሰው፦ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት መልእክት ከላከ ወላጅ የሚያምነው የሰፈር ወሬ ነው።

የጤና ጽሕፈት ቤቱን ተጠሪ ስልክ በዚሁ ቀን ያዙ። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘበት ጠዋት ስልክ መፈለግ መጀመር ግማሽ ቀን ያቃጥላል።

## ደረጃ 2፦ ተዘግቶ የቆየ ግቢ ከሆነ

ለሳምንታት ያልተከፈተ ቧንቧ ውስጥ የቆመ ውሃ ባክቴሪያ ያፈራል። ተማሪ ከመግባቱ በፊት ታንከሩን አራግፉና እጠቡ፤ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍታችሁ የቆየው ውሃ እስኪያልቅና ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ድረስ አፍስሱ። የሻወርና የመርጫ ቧንቧ ካለ ውሃው ሲረጭ አጠገቡ ቆማችሁ አትተንፍሱ።

በዚያው ቀን የመስኮት ቆጠራ አድርጉ። በየክፍሉ ስንት መስኮት አለ? ስንቱ ይከፈታል? በቀለም የተጣበቀ፣ በሚስማር የተመታ፣ ቁም ሣጥን የተደገፈበት፣ ማጠፊያው የተሰበረ ምን ያህል ነው? ዝርዝሩን ለአናጢ ስጡ። የጥገና ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከማንኛውም ዕቃ ግዢ በፊት እዚህ ላይ አውሉት።

## ደረጃ 3፦ አየር

ታማሚ ሲተነፍስና ሲናገር የሚወጡት ደቃቅ ብናኞች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንሳፈው ይቆያሉ፤ ስለዚህ በኋለኛው ወንበር ያለችው ተማሪ ከፊት ከተቀመጠው ልትወስድ ትችላለች። ርቀት ብቻውን ይህን አይመልስም። ግባችሁ የክፍሉ አየር በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲለወጥ ወይም እንዲጣራ ማድረግ ነው።

መስኮት አከፋፈት

1. በተቃራኒ ጎን ያሉ መስኮቶችን በአንድ ጊዜ ክፈቱ። በአንድ በኩል ያሉትን ሁሉ ወለል አድርጎ ከመክፈት ይልቅ በሁለት ተቃራኒ ጎን ግማሽ ግማሹን መክፈት አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል፤ አየር መግቢያም መውጫም ይፈልጋል።
2. መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ላይኛውንም ታችኛውንም ክፈቱ። ሞቃቱ አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል።
3. በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ክፍት ይቆይ። በተዘጋ ኮሪደር ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የኮሪደሩን ጫፍ ክፈቱ፤ ያለዚያ የአንዱን ክፍል አየር ለሌላው ታቀብላላችሁ።
4. የአየር እንቅስቃሴውን ፈትኑ፦ ሰንደል አቀጣጥላችሁ በክፍሉ መሐል ያዙ። ጭሱ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ጥሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ከተከማቸ አየሩ ቆሟል።
5. ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የመስኮት ኃላፊ ተማሪ ሹሙ። መምህሩ ትምህርት ሲጀምር ይረሳዋል፤ ተማሪው አይረሳም።

ብርድ ሲሆን በየ20 ደቂቃው ለ5 ደቂቃ ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና መልሳችሁ ገርበብ አድርጉ። በእረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ ይውጣ፤ መስኮትና በሩ ክፍት ይሁን።

መምህራን መስኮት የሚዘጉት በቂ ምክንያት ሲኖራቸው ነው፤ ምክንያቱን ካልፈታችሁት ማስታወቂያ አይከፍተውም። አቧራና ነፍሳት ካስቸገሩ ወንፊት ሽቦ፣ ስርቆት ከሆነ ፍርግርግ፣ የጎረቤት ክፍል ጩኸት ከሆነ የንባብና የመዝሙር ሰዓትን ማቀያየር። ዝናብ የሚያስገባውን መስኮት ዝጉና ተቃራኒውን አስፉ።

ማራገቢያ

ማራገቢያውን በመስኮት ላይ ወደ ውጭ እንዲነፍስ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ንጹሑ አየር በሌላው መስኮት ይገባል። ከአንድ ተማሪ ፊት ወደ ሌላው እንዲነፍስ ፈጽሞ አታቁሙት። የጣሪያ ማራገቢያ አየሩን ያማስላል እንጂ አይለውጠውም፤ መስኮት ተከፍቶ ሲሠራ ይረዳል፣ ተዘግቶ ሲሠራ ብናኙን ለሁሉም ያዳርሳል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማቀዝቀዣም አብዛኛው ያንኑ የክፍል አየር እየደጋገመ የሚያዞር ነው።

በመለኪያ ማረጋገጥ

ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ስለዚህ የዚህ ጋዝ መጠን የሌሎችን ትንፋሽ ምን ያህል እየተጋራን እንደሆነ ያሳያል። ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ መለኪያ ይበቃል፤ በየክፍሉ ይዞራል። ሲገዛ በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሌሎች ጋዞች ተነስቶ የሚገምተው ርካሽ ዓይነት ያሳስታል።

1. ውጭ አውጥታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ወደ 420 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 420 እጅ) አካባቢ ማንበብ አለበት። በጣም ከራቀ በመመሪያው መሠረት አስተካክሉት።
2. ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ተማሪ ራስ ቁመት፣ ከሰውም ከመስኮትም ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የመምህሩን ትንፋሽ ይለካል።
3. ክፍሉ ሞልቶ፣ በክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 10 ደቂቃ አንብቡ።
4. ከ800 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ800 እስከ 1500 ከሆነ ተጨማሪ መስኮት ይከፈት። ከ1500 በላይ ከሆነ ወዲያው ክፍሉን አናፍሱ፤ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነም የተማሪውን ቁጥር ቀንሱ ወይም ክፍል ቀይሩ።

የአየሩን ለውጥ በቁጥር ለማወቅ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ መስኮቱን በትምህርት ሰዓት እንደነበረው ትታችሁ ቁጥሩ ሲወርድ ተከታተሉ። ውጭው 420 ከሆነ፣ ከ1420 ወደ 790 ገደማ ለመውረድ የፈጀውን ደቂቃ ያዙና 60ን ለእርሱ አካፍሉ። 12 ደቂቃ ከፈጀ አየሩ በሰዓት 5 ጊዜ ይለወጣል፤ 30 ደቂቃ ከፈጀ 2 ጊዜ ብቻ ነው። በሚለካበት ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይቀመጥ።

አየር ማጣሪያ

መስኮት ለማይበቃው ክፍል የሄፓ ማጣሪያ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማሽን፣ ይረዳል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 8 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ሜትር ኩብ ነው። በ5 ሲባዛ በሰዓት 840 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ይፈልጋል። በሰዓት 280 የሚያጣራ ማሽን ከሆነ 3 ያስፈልጋሉ። ሻጮች የሚጽፉት ቁጥር በከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ መምህሩ ስለጮኸበት ወደ ዝቅተኛው ካወረደው ስሌቱ ፈረሰ። ሁለት መካከለኛ ማሽን በመካከለኛ ፍጥነት ከአንድ ጯኺ ይመረጣል።

ርካሹ አማራጭ በእጅ የሚሠራ ነው፦ መርቭ 13 ደረጃ ያላቸው (መርቭ ማጣሪያ ብናኝ የመያዝ አቅሙ የሚገለጽበት ደረጃ ነው)፣ ጎናቸው 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ 4 ማጣሪያዎችን በሳጥን ቅርጽ አቁማችሁ በፕላስተር አያይዙ። የአየር ቀስቱ ወደ ውስጥ ያመልክት። ሥሩን በካርቶን ድፈኑ፤ አናቱ ላይ ተመሳሳይ ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ማራገቢያ ወደ ላይ እንዲነፍስ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ የማራገቢያውን አራት ጥጎች በካርቶን ሸፍኑ፣ በዚያ በኩል አየር ተመልሶ ይገባልና። ክፍተት ከቀረ አየሩ ማጣሪያውን ዘሎ ያልፋል። ማታ ከሶኬት ነቅላችሁ ሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማጣሪያ የበሽታውን ብናኝ ይይዛል እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አይቀንስም። መለኪያው ከፍ ስላለ ብቻ ማሽኑ አይሠራም ብላችሁ አትጣሉት፤ ማሽኑ ስላለም መስኮቱን አትዝጉ።

## ደረጃ 4፦ የታመመ ሰው ቤቱ እንዲቀር መንገዱን ክፈቱ

«የታመመ አይምጣ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ የቀረውን በነጥብ መቅጣት እርስ በርሱ ይጣላል። ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ፦

1. ከሕመም ጋር የተያያዘ መቅረት ነጥብ እንደማይቀንስ በጽሑፍ አውጡ። አንድ ቀን ላልቀረ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት ካለ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አቁሙት።
2. ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሐኪም ወረቀት አትጠይቁ። ወረቀት ፍለጋ የሄደ ተላላፊ ታማሚ ጤና ጣቢያውን ያጨናንቃል።
3. ለወላጆች አጭር ዝርዝር ላኩ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ አዲስ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ ልጁ ቤት ይቆይ።
4. መመለሻውን ግልጽ አድርጉ። ጤና ጽሕፈት ቤቱ ቀን ከወሰነ እርሱን ተከተሉ። ካልወሰነ ቢያንስ የትኩሳት ማብረጃ ሳይወስድ 24 ሰዓት ያለ ትኩሳት የቆየና የተሻለው ይመለስ።
5. ለመምህራንና ለሠራተኞችም ይኸው ይሥራ። ደመወዙ የሚቆረጥበት ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ እያሳለም ይመጣል።

የበር ላይ ሙቀት ልኬትን በተመለከተ፦ ምልክት ሳያሳይ የሚያስተላልፈውን፣ ማብረጃ ውጦ የመጣውንም አያገኝም፤ ፀሐይ የመታውን ጤነኛ ግን ያስመልሳል። ግዴታ ከሆነባችሁ ጥላ ሥር ይሁን፣ ከፍ ያለበት ተማሪ 10 ደቂቃ ዐርፎ ይለካ፣ በሮቹን ወይም የመግቢያ ሰዓቱን ከፋፍሉ። ለልኬት የተደረደረ የተጨናነቀ ሰልፍ ራሱ ችግር ነው።

## ደረጃ 5፦ ቡድን፣ ወንበርና ጭንብል

የቡድን ጥቅሙ በሽታው በአንድ ክፍል ሲዛመት 40 ሰው ብቻ ወደ ቤት እንዲሄድ ነው፤ 800 ሰው እንዳይሄድ።

- ተማሪ በክፍሉ ይቆይ፣ መምህሩ ይዙር። የእረፍት ሰዓትና የግቢው ክፍል በቡድን ይለይ።
- ወንበር ቋሚ ይሁን። የአቀማመጥ ካርታ ሥሩ፤ ቀን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ በመዝገብ ቤት አስቀምጡ። ማን ከማን አጠገብ እንደነበር በኋላ በቃል መጠየቅ አይሠራም።
- 1 ሜትር ርቀት ከተገኘ መልካም። ካልተገኘ ልጅን ከትምህርት ከማስወጣት ይልቅ አየሩን ጨምሩ፣ ወይም ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር የሚሰጡትን ትምህርቶች አብዙ።
- በፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ በሁለቱ መካከል 30 ደቂቃ ክፍሎቹ ባዶና ክፍት ይሁኑ።
- ሰልፍ፣ መዝሙርና ስፖርት ሜዳ ላይ ይሁን። ከፍ ባለ ድምፅ መዘመርና መጮኽ ከተራ ንግግር የበለጠ ብናኝ ያወጣል።

የሚረሳው ክፍል የመምህራን ማረፊያ ነው። ከየክፍሉ የመጡ መምህራን ተሰብስበው፣ ጭንብል አውልቀው፣ እየበሉና እያወሩ የሚቀመጡበት ነው፤ ቡድን የመለየቱን ድካም ሁሉ በአንድ እረፍት ሰዓት የሚያፈርስ ቦታ ይኸው ክፍል ነው። ወንበሮቹን ወደ በረንዳ አውጡ። ስብሰባ ውጭ ይሁን።

ጭንብልን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ-19 ጊዜ ያወጣው የዕድሜ ክፍፍል ጥሩ መነሻ ነው፦ 5 ዓመትና ከዚያ በታች አይገደዱም፤ ከ6 እስከ 11 እንደ ስርጭቱና እንደ ሁኔታው፤ 12ና ከዚያ በላይ እንደ አዋቂ። የጨርቅ ከሆነ ባለ 3 ድርብ ይሁን፤ ላብ ወይም ምራቅ ያራሰው ይቀየር፤ ስለዚህ ለአንድ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል። ራሱ ማውለቅ ለማይችል ወይም የመተንፈስ ችግር ላለበት ልጅ አታድርጉለት። ከንፈር እያዩ የሚከታተሉ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ አፉ የሚታይበት ጭንብል ያድርግ።

## ደረጃ 6፦ ውሃ፣ ሳሙና፣ በረኪና

ውሃውን አስቀድማችሁ አስሉ። ለአንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 4 ጊዜ፣ 600 ተማሪ፦ 1200 ሊትር። ታንከሩ ይህን ካልያዘ የመታጠቢያ ሰዓቶቹን በቡድን አከፋፍሉ፤ ቧንቧውን አጥብባችሁ በቀጭኑ አውርዱ። ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሰዓቶች፦ ሲገቡ፣ ከምግብ በፊት፣ ከሽንት ቤት በኋላ።

ደረቅ ሳሙና የሚጠፋ ከሆነ 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና በ1.5 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ክዳኑ በተበሳ ጠርሙስ አንጠልጥሉ። የሚሰርቀው የለም፤ ብዙ ቀንም ይቆያል። አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ቢያንስ 60% ይሁን። ይቀጣጠላልና ከእሳት አርቁት፤ ትንንሾች እንዳይጠጡት በአዋቂ እጅ ይሁን።

በረኪና አበራረዝ

ጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ አንብቡ። ያንን ለምትፈልጉት መቶኛ አካፍሉና 1 ቀንሱ፤ የሚወጣው ለ1 እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ እጅ ነው።

- ለጠረጴዛ፣ ለበር እጀታና ለመሳሰሉት 0.1%፦ በረኪናው 5% ከሆነ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና፣ የቀረው ውሃ።
- ለደምና ለትውከት 0.5%፦ 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ፤ ለ10 ሊትር 1 ሊትር በረኪና።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ በሳሙናና ውሃ እጠቡ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ በበረኪናው አርጥቡና ቢያንስ 1 ደቂቃ ተዉት። መስኮት ክፍት ይሁን፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረግ። ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ፤ በየቀኑ አዲስ በርዙ፤ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ።

በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ወይም ከአሞኒያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከተቀላቀለ ለማፍሰስ አትሞክሩ፤ ሰው አውጡ፣ በር ክፈቱ፣ ራቁ። ሰው ላይ በረኪና መርጨት ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ በውስጥ ያለውን ቫይረስ አይነካውም። በር ላይ መርጫ ክፍል ሊሸጥላችሁ የመጣ ካለ መልሱት። ወለል በደረቁ አይጠረግ፤ በእርጥብ መወልወያ ይሁን።

እጀታና ጠረጴዛ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚባክነው ጉልበት ወደ መስኮቱ ይዙር።

## ደረጃ 7፦ ተማሪ ግቢ ውስጥ ሲታመም

1. ጭንብል ስጡት፤ መተንፈስ የሚቸገር ከሆነ አይደረግለት። በክፍል ጓደኞቹ ፊት «አንተ ታመሃል» አይባል፤ በጸጥታ ይጠራ።
2. ወደተለየው ቦታ ውሰዱት። ከሁሉ የሚሻለው ጥላ ያለው በረንዳ ነው፤ ክፍል ከሆነ መስኮቱ ክፍት ይሁን። ብቻውን ተዘግቶበት አይቀመጥ፤ አንድ አዋቂ በቅርብ ይቆጣጠር።
3. ወላጅ ጥሩ። በሕዝብ ትራንስፖርት ብቻውን አትላኩት።
4. ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም መንቃት ካቃተው ወላጅ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂድ።
5. ክፍሉን አናፍሱ፤ ተማሪዎቹ ለ15 ደቂቃ ውጭ ይቆዩ።
6. የአቀማመጥ ካርታውን አውጥታችሁ አጠገቡ የነበሩትን ለይታችሁ ጻፉ፤ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አሳውቁ።
7. በዚያው ቀን ለክፍሉ ወላጆች መልእክት ላኩ። የታማሚው ስም አይገለጽ። ከዘገያችሁ ስሙን ሌላ ሰው ያወጣዋል።

## ደረጃ 8፦ የመዝጊያ ገደብ፣ ምትክና የቤት ጥቅል

ክፍል መቼ እንደሚዘጋ ታማሚ ሳይኖር ወስኑ። ቁጥሮቹን ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተስማሙባቸው፤ ለመነሻ ያህል፦

- በአንድ ክፍል 1 ታማሚ፦ ክፍሉ ይቀጥላል፤ አጠገቡ የነበሩት ክትትል ይደረግላቸዋል።
- በአንድ ክፍል በ7 ቀን ውስጥ 3 እና ከዚያ በላይ፦ ያ ክፍል ብቻ ወደ ቤት ይሄዳል፤ አየሩም እንደገና ይለካል።
- በየክፍሉ በአንድ ጊዜ ከታየ፦ በፈረቃ ማስተማር ይጀመራል።
- ሙሉ መዝጋት፦ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ሲያዝ ወይም የሚጠብቅ አዋቂ ሲጠፋ።

የመጨረሻው ሐረግ ላይ ቆም በሉ። ብዙውን ጊዜ በር የሚያዘጋው የመምህር እጦት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ በአንድ ጊዜ ከመምህራኑ ሩቡ ቢቀር ማን የትኛውን ክፍል ይይዛል? ተተኪው የትምህርት ዓይነቱን ባያውቅ እንኳ እንዲሠራበት እያንዳንዱ መምህር የ3 ቀን የተዘጋጀ ትምህርት በመዝገብ ቤት ያስቀምጥ። ሁለት ክፍል በአንድ ማጣመር የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፤ ቡድኑን ያፈርሳል።

ለእያንዳንዱ ክፍልም የ10 ቀን የቤት ጥቅል በወረቀት አዘጋጁ። ስልክና ኢንተርኔት ሁሉም ቤት የለም፤ ባለበትም ለሦስት ልጅ አንድ ስልክ ሊሆን ይችላል። ጥቅሉ በቀን ከ3 የማይበልጥ ሥራ፣ የመልስ ወረቀትና መምህሩ የሚገኝበት ሰዓት ይያዝ። አዲስ ምዕራፍ አይጀመርበት፤ የተማሩትን ያጠንክር። ምግብ በትምህርት ቤት የምትሰጡ ከሆነ ቤት ለሚቆዩት በምን መንገድ እንደሚደርስ አብራችሁ ወስኑ፤ ልጁ ቤት ሲውል ረሃቡ አብሮት ይውላልና።

ክፍሉ ሲመለስ የመጀመሪያው ሰዓት የስም ጥሪ ነው። ያልመጣውን ተማሪ በ3 ቀን ውስጥ ቤቱ ድረስ ጠይቁ፤ ሥራ የገባ፣ የተዳረች ወይም አስታማሚ ሆና የቀረች ልጅ በዚያ ሳምንት ካልተገኘች በወሩ መጨረሻ መመለሷ በጣም ይከብዳል።